የሻንጎ በትር፦ ይቀባ ወይስ አይነካ?

ኦሼ ሻንጎ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያና በቤኒን የሻንጎ አማኞች እየጨፈሩ የሚይዙት የእንጨት በትር ነው። ሻንጎ የዮሩባ ሕዝብ መንግሥት የነበረችው የኦዮ ንጉሥ እንደነበረ የሚተረክለት የነጎድጓድ አምላክ ነው። በሙዚየም ያለ አሮጌ በትር እንደ ጥንቱ በኦሱን፣ ማለትም በቀዩ የእንጨት ዱቄት፣ ይቀባ?

አይነካ ባይ፦ በትሩ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ነው። ከታች እጀታው፣ መሃል ላይ ብዙውን ጊዜ ተንበርክካ የምትታይ ሴት፣ በራሷ ላይ ባለሁለት ስለት መጥረቢያ። ስለቶቹ ሻንጎ ከሰማይ ይወረውራቸዋል የሚባሉት የነጎድጓድ ድንጋዮች ናቸው። ቃጫው ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ስለቶቹ ወደ ጎን ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ቃጫው አጭር ስለሚሆን በቀላል ግጭት ይገነጠላሉ። በውሃ የተለወሰ ኦሱን ሲቀቡት ደግሞ እንጨቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የቆየው ስንጥቅም ይሰፋል። ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ የማይዋዥቅ የአየር እርጥበት ማስቀመጥ ይበቃዋል።

ይቀባ ባይ፦ ስለ ቃጫው እውነትዎን ነው። ግን በትሩ ከቀራጩ እጅ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ቀራጩ መጀመሪያ ዋናውን ቅርጽ ያወጣል፣ ቀጥሎ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ይለያል፣ ያለሰልሳል፣ በመጨረሻ ዓይንና ሹሩባውን በቢላ ይቀርጻል። ከዚያ በኋላ ነው መቅደስ የሚገባው፣ በባታ ከበሮ የሚጨፈርበት። እርስዎ የሚሳሱለት በእንጨቱ ላይ ያለው የቀድሞ ኦሱን ሽፋን ራሱ በአማኞች እጅ የተጠራቀመ ነው! ኦሱኑ በዘይት ቢለወስ የውሃው ስጋትም አይኖርም።

አይነካ ባይ፦ ዘይት ይብሳል። ሰብሳቢዎች እንዲያበራ ብለው የተልባ ዘይት የቀቡት እንጨት ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፤ ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ያለጉዳት አይለቅም። ከሥር ያለው የቀድሞ ኦሱንና በሴቲቱ ጸጉር ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለምም ይሸፈናል። ለጭፈራ አዲስ ይጠረብ።

ይቀባ ባይ፦ ለማብራት መቀባትና ለአምልኮ መቀባት አንድ አይደሉም። ምስጥ የበላውን በትር በአዲስ መተካት መቅደሱም ያውቃል፤ የትኛው ተተክቶ የትኛው እንደሚቀጥል የሚወስኑት ግን የሻንጎ ካህናት ናቸው። የኦዮ የሻንጎ በዓል በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው ዛሬም ስለሚከበር ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ስለ ንብረቱ ለምን ሳይጠየቅ ይወሰናል?

አይነካ ባይ፦ ይጠየቁ፤ ይህን አልቃወምም። በትሩ ለበዓል ወጥቶ ከተመለሰ ግን ከሌሎቹ ጎን ከመቀመጡ በፊት በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነፍሳቱ እንዲሞቱ ሁለት ሳምንት ይቆይ። አንድ ነቀዝ ያለበት እጀታ መደርደሪያውን ሁሉ ይበክላል።