የትኛው ትከሻው ነበር?

ጀግናው ሰኞ ማታ ቀኝ ትከሻው ላይ ፍላጻ ይሰካበታል። ረቡዕ ቁስሉ ግራ ትከሻው ላይ ነው፤ ማንም አላዛወረውም፣ ጸሐፊው ረስቶት እንጂ። ዓርብ በዚያው ክንዱ ተንጠላጥሎ የግንብ አጥር ይዘላል። ቅዳሜ አንዲት የኤልፍ ልዕልት ወደ ማደሪያው ብቅ ስትል ግን ቁስሉ ድንገት ያገረሽበታል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ውኃ የሚያጠጣው እጅ ይፈልጋል። በኢንተርኔት በሚጫወቱት የጽሑፍ ሮልፕሌይ ውስጥ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ባለታሪክ ይዞ ታሪኩን እየተቀባበሉ በሚጽፉበት ጨዋታ፣ ቁስል ማለት ይኸው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወጣ ስኒ።

የነገሩ ሥር ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየተጣለ የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ፣ ጤናን በነጥብ ይለካል። 40 ነጥብ የነበረው ተዋጊ 1 ቢቀረውም ሰይፍ የሚያነሳው እንደ ጤነኛ ነው፤ የሚዘረረው 0 ሲገባ ነው። በጨዋታው ደንብ አምስተኛ እትም አንድ ብልቃጥ የፈውስ መድኃኒት በ50 ወርቅ ይሸጣል፤ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ሁለቴ ተጥሎ 2 ስለሚደመርበት ከ4 እስከ 10 ነጥብ ይመልሳል። ስምንት ሰዓት ያረፈ ደግሞ ነጥቡ ሞልቶለት ይነሳል። ነጥቡ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጽናትና ዕድልም እንዳሉበት ደንቡ ራሱ ይናገራል፤ ደንቡን ማን አንብቦት! ዳይሱን ትቶ ወደ ጽሑፍ የተሻገረው ተጫዋች ቁጥሩን እዚያው ጥሎ፣ ተኝቶ የመዳኑን ልማድ ብቻ ይዞ መጣ።

ትከሻ የሚመረጠው «ምን አለበት» እየተባለ ነው። ያለበትማ ብዙ ነው፤ ከአጥንቱ ሥር ወፍራም የደም ሥርና የክንድ ነርቮች ጥቅል ያልፋሉ። ነርቩ ከተነካ ጣት አልታዘዝም ይላል። ደም ሥሩ ከተበጠሰ ደግሞ እንደ ክንድ ከበላዩ አንቆ ማሰር አይቻልም፣ ማሰሪያው የሚገባበት ቦታ የለማ። ባለታሪኩን አስፈሪ አስመስሎ ቶሎ ወደ ጨዋታ መመለስ የፈለገ ግንባሩን ቢያስጭረው ይሻላል፤ የራስ ቆዳ ትንሽ ተቆርጦ ብዙ ይደማል፣ ዓይን ይሸፍናል፣ ብዙ ጊዜም ለክፉ አይሰጥም።

ደረቱን የተወጋው የሁለት አንቀጽ ኑዛዜ ይናገራል፤ ርስት ያከፋፍላል፣ ጠላቱን እስከ ሰባት ትውልድ ይረግማል። ሳንባው የተበሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሦስት ቃል ካወጣ ብርቱ ነው። «ልጄን... አደራ...» ይበቃዋል፤ ለአንባቢውም ምሕረት ነው። በሰይፍ እጀታ ማጅራቱን ተመትቶ ሁለት ሰዓት የተኛው ዘበኛም ልብሱን አራግፎ ወደ ሥራው አይመለስም። ከጥቂት ደቂቃ በላይ ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ክፉኛ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ቢነቃም ያስመልሰዋል፣ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ይጠይቃል።

ደምም በሊትር ይቆጠራል። አዋቂ ሰው ያለው 5 ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ቢፈሰው፣ ደም የለገሰ እንደሚያውቀው፣ ይችለዋል። ሊትር ተኩል ሲያልፍ ልቡ ይሮጣል፣ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ይቃዣል፤ ከሁለት በላይ ሲሆን ሞት ደጁ ነው። እንግዲህ «ወለሉ የደም ባሕር ሆነ» ያለ ጸሐፊ በቀጣዩ መስመር ባለታሪኩን ቀልድ ባያስወራው ጥሩ ነው።

ፈውሱ ደግሞ የባሰ ነው። ፈዋሿ እጇን ትጭናለች፣ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ ይላል፣ አለቀ። ወጌሻ እንኳ ዳብሶ፣ ጎትቶ፣ አጥንቱን ቦታው መልሶ ነው በቀርከሃ የሚያስረው። ብርሃኑ ይህን ዘሎ ከመጣ አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥማል፤ ለማቃናት ደግሞ እንደገና መስበር ነው። ትዕይንት ማለት ይሄ ነበር፤ ሁሉም ያልፈዋል። ፍላጻውም ቢጎትቱት እንጨቱ ብቻ ወጥቶ ብረቱ ሊቀር ይችላል። ላዩ በብርሃን የተደፈነ ቁስል ከነብረቱና ከነቡትቶው ውስጥ ውስጡን መግል ይቋጥርና በቀናት ውስጥ በትኩሳት ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን አውጡ፣ ቁስሉን እጠቡ፣ አጥንቱን አቃኑ፣ ብርሃኑን ከዚያ አብሩ።

አዲሱ ሥጋስ ከየት መጣ? አስማቱ የሰውነትን ሥራ የሚያፋጥን ከሆነ፣ የጭን አጥንት ለመግጠም ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚፈልገውን ምግብ በአንድ ሌሊት ይጠይቃል፤ ለቁስለኛው ሙክት ቢታረድለት «ሌላስ?» ማለቱ አይቀርም። ከፈዋሿ ጉልበት የሚቀዳ ከሆነ የምትከሳው እሷ ናት። ደሙን የሚተካ ካልሆነ ደግሞ ቁስሉ ተዘግቶም ሰውዬው ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል። የተፈለገው ይመረጥ፤ ብቻ የሰኞው ሕግ ለዓርብም ይሥራ። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ መስመር ማስታወሻ ነው፦ የትኛው ጎን፣ በታሪኩ ስንተኛ ቀን፣ ምን ይከለክለዋል፣ እስከ መቼ።

ፈዋሽ ሆኖ የሚጫወት ሰው ኑሮው የባለመኪና ጎረቤት ኑሮ ነው። እኩለ ሌሊት ይጠራል፤ «ማና (የአስማት ጉልበት) አለቀብኝ» ካለ ይኮረፋል። ሳይጠራ የሚመጣውም አለ። አንዱ ለሦስት ሳምንት ሊያነክስበት ያሰበውን እግር፣ ዘው ብሎ በአንድ መስመር «ፈወስኩት» ይላል። ወጉ እንዲህ አይደለም፤ ሞካሪው ሙከራውን ይጽፋል፣ ውጤቱን የገላው ባለቤት። «አንገቱን ቀላሁት» ሳይሆን «ወደ አንገቱ ሰነዘርኩ»፤ «ፈወስኩት» ሳይሆን «እጄን ዘረጋሁ»። በውስጥ መስመር «ልፈውሰው ወይስ ይቆይልህ?» ብሎ መጠየቅም ማና አይጨርስም።

ስለ ሞት ያልን እንደሆነ፣ በዚያው በዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሞተውን ለማስነሳት የ300 ወርቅ አልማዝ ይጠፋል፤ እስከ 10 ቀን ለቆየ የ500፣ ያውም ተነሺው ለቀናት ደክሞ ይከርማል። በጽሑፉ ጨዋታ ግን አልማዝም ድካምም የለም። ጓዶቹ ፊታቸውን ነጭተው፣ አንዱ ሙሾ ደርድሮ፣ አንዷ ፀጉሯን ተላጭታ ሲያለቅሱ ያድራሉ። ጠዋት ሟቹ «ኢንተርኔት ተቋርጦብኝ ነው፣ ምን አመለጠኝ?» እያለ ይገባል። የተላጨችውም በደስታ ትጠመጠምበታለች፤ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ተዘናፍሏል።