አብሽር፣ እኛ ጋ አይደርስም

የደሴ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማዕበል የሚሰጠውን ትንተና ሳላደንቅ አላልፍም። ዛሬ የተነሳሁት ለምስጋና ነው። ወቀሳ የለመዳችሁ ሌላ ጽሑፍ ፈልጉ።

የ2017ቱን መስቀል ታስታውሳላችሁ? ደመራውን አቃጥለን ተኛን። በማግስቱ ማለዳ ስንነሳ ስልኩ ሁሉ በፍሎሪዳ ጎርፍ ተሞልቷል። ሄለን የተባለችው ሄሪኬን፣ ከባሕር የሚነሳ ብርቱ አውሎ ነፋስ፣ አሜሪካ ገብታለች። ታምፓ በሚባለው ከተማ ዙሪያ ባሕሩ ተነስቶ ሰው ሳሎን ድረስ ዘልቋል። ከታምፓ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካሉት አውራጃዎች በአንዱ ብቻ ከ10 በላይ ሰው ሞቷል።

ፒያሳ ቡና የሚጠጣው ወገኔ አቦሉ ሳይበርድ ሥራ ጀመረ። «ምን ነክቷቸው ነው ባሕር አፍ ላይ ቤት የሚሠሩት?» አለ አንዱ። «ፈረንጅ ተምሮ ተምሮ መጨረሻው ይሄ ነው» አለ ሌላው። ሦስተኛው ስለ ግንብ ከፍታ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ቦታ አሰጣጥ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ከዚያ ሂሳቡን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ የት ነው? ቦርከና ዳር። የጓሮ ግድግዳው ከወንዙ ጋር ይጎራበታል ማለት ያንሰዋል። ክረምት ክረምት ይሳሳማሉ።

አድናቆቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደጁ ያለውን አደጋ ማንም ያያል። ደጁን ዘሎ ውቅያኖስ ማዶ ያለውን ማየት ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ታምፓን ደግሞ አትናቁት። ነገሩን ሳየው የደሴ ልጅ የቆረቆረው ከተማ ነው የመሰለኝ። ከባድ ሄሪኬን ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት የመታው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ያኔ ባሕሩ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገባ። በ1848 የመጣው ደግሞ ወደ 4 ሜትር ተኩል አድርሶት ነበር። በ1921 ታምፓ ውስጥ የሚኖረው ሰው 50 ሺህ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሙሉ ሄሪኬኑ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያለ ዘለላቸው። በዚህ መሀል የከተማውና የዙሪያው ሕዝብ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የት ሰፈረ? ብዙው ውሃው ዳር ነዋ! እነሱ ጋ ቦታው ለውሃ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። እኛ ጋ በቀረበ ቁጥር ይረክሳል። ልዩነታችን ይህቺው ናት።

«ለምንድን ነው የማይነካችሁ?» ሲባሉ መልስ አያጡም። ቶኮባጋ የሚባሉት የጥንት ነባር ሕዝቦች የቀብር ጉብታ ሠርተው ነበር፤ እሱ ይጠብቀናል የሚል ወሬ አላቸው። ሁሉም ያምናል አልልም። ግን የሄሪኬን ወቅት በመጣ ቁጥር ወሬውም አብሮ ይመጣል። ደስ የሚለው ምን መሰላችሁ? ከእነዚያ የአፈርና የዛጎል ጉብታዎች ብዙዎቹን ራሳቸው ንደው መንገድ ሠርተውባቸዋል። ጠባቂህን መንገድ ሥር ቀብረህ «ጠብቀኝ» ማለት! እምነት ካሉ አይቀር እንዲህ ነው።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግን ጉብታውን አያውቁትም። እነሱ የሚያዩት ነፋሱ በየት በኩል እንዳለፈ ነው። ሄሪኬን በዚያ በኩል የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ዓይኑ፣ ማለትም መሀሉ፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ ካለፈ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋና ውሃው ይወጣል። በስተሰሜን ካለፈ ደግሞ ባሕሩን እየነዳ ያስገባል። ባሕረ ሰላጤው ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 4 ሜትር አይሞላም። ከፊቱ ያለው ባሕርም እስከ ሩቅ ድረስ ጥልቅ አይደለም። ስለዚህ የተነዳው ውሃ ወደ ታች መሄጃ ያጣል፤ ያለው አማራጭ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ቤት መውጣት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኢርማ፣ በ2022 ኢያን ሲመጡ ዕድላቸው ደቡብ ወጣ። ውሃው ሸሸ። ሰው በደረቀው የባሕር ወለል ላይ እየተንሸራሸረ ፎቶ ተነሳ። ኢያን ግን ወደ ፎርት ማየርስ ዞሮ ነበር፤ በፍሎሪዳ ከ100 በላይ ሰው ፈጀ። ታምፓ ፎቶው ደረሰው።

ሄለን ደግሞ ከተማውን በቀጥታ እንኳ አልመታችም። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባሕር ባሕሩን ይዛ ወደ ሰሜን ነው ያለፈችው። በሩቁ ሰላም ስትላቸው ነው ውሃው 2 ሜትር ያህል ተነስቶ ክብረ ወሰን የሰበረው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚልተን ተከተለ። ከ3 ሜትር በላይ ውሃ ሊገባ ይችላል ተባለ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ወደ ደቡብ ሸርተት አለና ውሃው ተመልሶ ወጣ። «አላልናችሁም? እኛን አይነካንም!» ያለ ሰው ካልነበረ ታምፓን አላውቃትም ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ምስጋናው ለእኛ ነውና።

እኛ ጉብታ አያስፈልገንም። ጦሳን የሚያህል ተራራ አለን። ችግሩ፣ ችግር ከተባለ፣ ጎርፉን የሚልክብንም ራሱ ጦሳ መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከላይ የሚወርደው ውሃ ማንንም አያስፈቅድም። ቦርከና ይቀበለውና ወደ ኮምቦልቻ ይዞት ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ይህን ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ የማን ካርታ የት ድረስ እንደሆነ ቆሞ አያጣራም።

ውሃው እንዳይቸገር ቱቦውን ቀደም ብለን እናሰናዳለታለን። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከሰኞ ገበያ የተረፈ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፈረሰ ቤት አፈር። አንዲት እናት በጠዋት ተነስተው ደጃቸውን ጥርግ ጥርግ አድርገው፣ ቆሻሻውን በሥነ ሥርዓት ቱቦው ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ። ደጁ ጽድት ብሏል። ቱቦው ጠግቧል። ቆሜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

የመሬቱንስ ነገር? የደሴ ቁልቁለት መሬት ይንሸራተታል። አዲስ ነገር አይደለም፤ የሥነ ምድር ሰዎች ደጋግመው መጥተው አጥንተውታል። እኛም የራሳችን ዘዴ አለን። ግድግዳው ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ እንመርገዋለን። በዓመቱ ሲደግም ቀለም እንቀባዋለን። በሦስተኛው ዓመት እናከራየዋለን።

አንድ ጊዜ ሐጂን፣ ጎረቤቴን፣ ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሐጂ፣ ክረምቱ እየገባ ነው። ያ የጓሮ ግድግዳ አያሰጋዎትም?»

«አብሽር ልጄ!» አሉኝ። «ከወንዙ ጋር ስንት ዘመን አብረን ኖረናል። ያውቀናል።»

«አምና አጥሩን ወስዶ የለም እንዴ?»

«ወሰደ። ቤቱን ግን አልነካም። ይሉኝታ አለው።»

እኔ መልስ አልነበረኝም። ይሉኝታ ያለው ወንዝ ያለው ወሎ ብቻ ነው። ድሬዳዋ አልተገኘም። የድሬዳዋው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአንድ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬዳዋም እንደ እኛው ባሕር የላትም።

ዱዓው አለ፣ ምሕላው አለ ትሉኝ ይሆናል። ይኑር። ወሎ ያለ ሁለቱ አያድርም። ቱቦ መጥረግ ዱዓ ያፈርሳል ያለ ሼህ ግን አልገጠመኝም። አካፋ መያዝ ምሕላ ያስተጓጉላል ያለ ቄስም አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ኩራታችን ልግባ። የባሕር ማዕበል ወሎ አይደርስም። እውነት ነው። ቦርከና ራሱ ባሕር አያውቅም፤ ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አዋሽም አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባሕሩ ተናዶ ደሴን ላጥለቅልቅ ቢል የሚመጣበት መንገድ የለውም። ይህን ስናውቅ ነው አብሽር የምንለው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የሚባሉ ሁለት ሳይክሎኖች የዓረብ ባሕርን አቋርጠው ዓረቢያ ገቡ። ሳይክሎን ማለት ያው የሄሪኬን ወንድም ነው፤ አገሩ ሲለያይ ስሙ ተለያየ እንጂ። መኩኑ በግንቦት፣ ሉባን በጥቅምት። በዚያው ግንቦት ሳጋር የተባለ ሌላ ሳይክሎን ሶማሌላንድ ድረስ ዘልቆ ጅቡቲንና የእኛን ሶማሌ ክልል አጥለቅልቋል። ያኔም አብሽር ብለናል፤ ጅቡቲ ሩቅ ነዋ። የመኩኑና የሉባን ዝናብ የወረደው ሩብ አል ኻሊ ላይ ነው፤ ሰው የማይኖርበት የአሸዋ በረሃ። ማን ይጨነቃል? በረሃው ረጠበ፣ ሣር አበቀለ፣ እዚያ የነበረው አንበጣ ያለ ከልካይ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ። በ2019 ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። በኅዳር መጨረሻ ፓዋን የሚባል ሌላ ሳይክሎን ሶማሊያን አርሶ እንደገና አራባው።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ራያ ቆቦ፣ ሐብሩ፣ ቃሉ ማን መጣ? የደረሰው ማሽላና ጤፍ ላይ ማን ሰፈረ? ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየደበደበ፣ ልጅ አዋቂው እየጮኸ ሲያባርር የነበረው ማንን ነው? የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ይበላል። ማዕበሉ መንገድ ሲያጣ ክንፍ አውጥቶ መጣ። ዘመዶቼ ቃሉ ውስጥ የዓመት ማሽላቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ አገዳ ብቻ ሲቀር፣ ከመኩኑ ጋር የሚያገናኘው ሰው አልነበረም። «የመጣው ከላይ ነው» ተባለ። ልክ ነው፤ በአየር ነው የመጣው።

ይህ አገር የ66ን እና የ77ን ድርቅ ያየ አገር ነው። ያን ዘመን ያለፉ ሽማግሌዎች ደመና ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም፤ ሲጠራም፣ ሲጠቁርም ይጠይቃሉ። ትንተና ግን ከእነሱ ወንበር አይመጣም። ትንተናው ያለው ፒያሳ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን ለሚገባው ላቅርብ። ባለፈው ታኅሣሥ የሰፈራችን ቅሬ፣ እድሩ ማለቴ ነው፣ ሲሰበሰብ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ቱቦው ደርቋል፣ ወንዙም ጎድሏል፤ አሁን እንጥረገው» አለ። ሊቀ መንበሩ በትዕግሥት አዳመጡት።

«ልጄ፣ አሁን ምን ውሃ አለና?» አሉት።

ቤቱ ሳቀ። አንድ ሰው ስለ ታምፓ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ በጭብጨባ ተወሰነ፤ ጠረጋው ነሐሴ ላይ ይሁን፣ ሁሉም አካፋ ይዞ ወንዙ ዳር ይገናኝ። በቃለ ጉባኤው ግርጌ ጸሐፊው አንድ መስመር ጨመረ፦ ዝናብ ከጣለ ፕሮግራሙ ይሰረዛል።