ምንህን ታመህ ነው?

እኔ ጤነኛ ሰው ነኝ። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፣ ምክንያቱም ከአንድ ወር ወዲህ ሰፈር ውስጥ የሚያምነኝ አጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሚስቴ ከተጋባን አስር አመት ሊሞላን ነው፣ ከዑምራ በቀር የትም ሄደን አናውቅም፣ እስኪ አንዴ እንኳን ለመዝናናት ብቻ እንውጣ ተባባልን፣ ዱባይ እንዳንሄድ እዛ የምናገኘው ያው የሰፈራችንን ሰው ነው፣ ዛንዚባር እንዳንሄድ እሷ ባህር ትፈራለች፣ እያልን እያልን ሃይደራባድ ላይ ቆምን። ደቡብ ህንድ ያለች አሮጌ ከተማ ናት፣ ቁሊ ቁጥብ ሻህ የሚባል ሱልጣን በፈረንጅ 1591 የቆረቆራት፣ አሁን የቴላንጋና ክልል ዋና ከተማ። መስጊድ አላት፣ ቤተመንግስት አላት፣ ምሽግ አላት፣ ከሁሉም በላይ ቢርያኒ የሚባል የሩዝና የሥጋ ምግብ አላት። ስልኬ ላይ ሆቴል ስፈልግ «ሐላል ፍሬንድሊ» የሚል ምልክት ሳይ ጊዜማ ልቤ አረፈ፣ ቅዳሜ ከሰአት አማቴ ቤት ቡና ላይ አፌን ከፈትኩ።

«ህንድ ልንሄድ ነው» ከማለቴ አማቴ ጀበናውን ቁጭ አደረጉት። «ያ ረቢ! ምንህን ታመህ ነው ልጄ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ለሽርሽር ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ለሽርሽር ህንድ የሄደ ሰው በዘራችን የለማ። እኛ ጋ ህንድ የሚሄደው ወይ ኩላሊቱ ነው ወይ ልቡ ነው ወይ ደግሞ ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፣ እኔ ደግሞ ሱቅ የለኝም። ስለዚህ በአማቴ ስሌት ቀሪው ግልፅ ነው። ሚስቴን በአይናቸው ጠቀሷትና ጓዳ ወሰዷት፣ ስትመለስ ስቃ አይኗ እንባ አቅርሯል፣ እሳቸው ግን እውነተኛ እንባ ነው ያፈሰሱት።

ከተማዋን ላስረዳቸው ሞከርኩ እኮ። ቻርሚናር የሚባል አራት ሚናራ ያለው ህንፃ አለ፣ 149 ደረጃ አለው፣ ጣራው ላይ መስጊድ አለ አልኳቸው፣ ሳላስበው ደግሞ «ወረርሽኝ ሲያልፍ በስለት ተሰራ ይባላል» ብዬ ጨመርኩ።

«ይኸው!» አሉ አማቴ «በሽታ ነው!»

እዛችው ከተማ ጎልኮንዳ የሚባል ምሽግ አለ፣ በሩ ላይ ስታጨበጭብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጫፍ ላይ ያለው ዘበኛ ይሰማሃል፣ ጠላት ሲመጣ እንዲያ ነበር የሚጠራሩት፣ ቱሪስቱ ሁሉ እዛ ሄዶ ሲያጨበጭብ ይውላል። እኔ አሁን አይገርመኝም። አማቴ ቤት ቅዳሜ ቡና ላይ የተነገረ ነገር እሁድ ጠዋት አገራችን ወራቤ ገብቷል፣ ያውም ያለ ጭብጨባ። ሰኞ ከገጠር አንድ የአባቴ ወንድም ደውለው «የትኛው ኩላሊት ነው፣ የቀኙ ነው የግራው?» አሉኝ።

በዚህ መሀል ሐጂ መጡ። ሐጂ የሚስቴ አጎት ናቸው፣ ጂዳ አስራ ምናምን አመት ኖረው የመጡ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ሐላልና ሐራም ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ስልኬን ተቀብለው «ሐላል ፍሬንድሊ» የሚለውን መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ፍሬንድ ጓደኛ ማለት አይደል?»

«አዎ ግን...»

«ሐላል ነው ወይስ የሐላል ጓደኛ ነው? ጓደኛማ እኛ ቤት በር ላይ ያለው ውስኪ ቤትም ጓደኛችን ነው፣ በየቀኑ ሰላም እንባባላለን።»

እውነት ለመናገር ይሄን መመለስ አልቻልኩም። ሆቴሉ እንደፃፈው ከሆነ ሐላል ቁርስ አለው፣ መስገጃ ያቀርባል፣ ቂብላ፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል፣ ባርም አለው። ሐጂ ባሩን ሲሰሙ «ባሩ ነው ጓደኛው» ብለው ዘጉት። ቀጥለው ደግሞ ይሄ ነገር ለእናንተ ልጆች የሚተው አይደለም፣ አብሬ እሄዳለሁ አሉ። ማንም አልጋበዛቸውም። ሚስቴ ያየችኝን አስተያየት ግን እናንተ ብታዩት የታመመው ማን እንደሆነ ይገባችሁ ነበር።

የሚገርመው የሥጋው ነገር ሃይደራባድ ላይ ቀላሉ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ የሙስሊሙ ምግብ ቤት የትየለሌ ነው፣ እዛ ሐላል መፈለግ መርካቶ ሄዶ ሰው እንደመፈለግ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሐጂ በሬ ይወዳሉ፣ እዛ ደግሞ ላም ማረድ በህግ ክልክል ነው፣ ቢፍ ብለው የሚያቀርቡልህ አብዛኛውን ጊዜ ጎሽ ነው። ይሄን ስነግራቸው ሐጂ ደነገጡ።

«ጎሽ? የኛው የጫካው ጎሽ?»

«የቤት ነው ሐጂ፣ ይታለባል፣ ወተቱን ሻይ ውስጥ ይጨምሩታል።»

«ጎሽ ያልባሉ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ለህንድ ህዝብ አክብሮት አደረባቸው።

ቢርያኒው ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። የሃይደራባድ ቢርያኒ «ካቺ» ይባላል፣ ጥሬ ማለት ነው፣ ማለትም ሥጋው ሳይበስል በእርጎና በቅመም ተለውሶ፣ ላዩ ላይ ግማሽ የበሰለ ሩዝ ተደርጎበት፣ ድስቱ በሊጥ ታሽጎ፣ ቀስ ባለ እሳት በራሱ እንፋሎት አብሮ ይበስላል። እኔ ይሄን ሁሉ አብራርቼ ሐጂ የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ጥሬ ነው? በሊጥ ያሽጉታል? ቁርጥ አላቸው በለኛ!»

እስከዛሬ ቁርጥ ሊበሉ ነው የሚሄዱት። እኔም ደክሞኝ ተውኩት፣ ድስቱ ሲከፈት ከባለድስቱ ጋር ይተያያሉ።

አንድ ኦርቶዶክስ ጓደኛ አለኝ፣ የስራ ባልደረባዬ ነው፣ ሲሰማ እኔም ልምጣ አለ። እሱ ደግሞ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እኔ የክርስቲያን አልበላም፣ አስራ ሁለት አመት ምሳ አብረን ስንበላ የሚያስማማን ሽሮና አሳ ነው፣ ሁለታችንም ሳንጣላ ሳንጠያየቅ። የሚሻለው ወቅት ከህዳር እስከ የካቲት ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ህዳር ላይ ደግሞ የነቢያት ፆም ይገባል። ስለዚህ ደስ አለው፣ ህንድ እኮ የፆም አገር ነው፣ እያንዳንዱ እሽግ ምግብ ላይ ሥጋ የሌለበት ከሆነ አረንጓዴ ነጥብ አለበት፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ራሱ «ፒዩር ቬጅ» ብሎ ይለጥፋል፣ ከኛ አገር አስተናጋጅ ጋር «የፆም ነው?» «አዎ» «ቅቤ የለውም?» «ትንሽ» እያሉ መጨቃጨቅ ቀረ ብሎ። ሁለት ቀን ደስ ብሎት ሰነበተና በሶስተኛው ቀን ማታ ደወለልኝ፣ ድምፁ ተሰብሯል።

«አረንጓዴው ነጥብ ወተት ላይም አለ።»

«እና?»

«አይብ ላይም አለ! ቅቤ ላይ! እርጎ ላይ! ምን አይነት ፆም ነው ይሄ?»

እንግዲህ ልጁ ሃይደራባድን የሚያህል የምግብ ከተማ ሄዶ፣ ሥጋው የእስላም ስለሆነ፣ ፆሙ ደግሞ ቅቤ ስላለው፣ ከቦሌ ጀምሮ በሶ ይዞ ሊሄድ ነው። ትኬቱን ግን አልሰረዘም። ፎቶው አይቀርበትም።

ሐጂን በእውነት የማረካቸው ታሪኩ ነው። ሰባተኛው ኒዛም የሚባሉት የሃይደራባድ ገዢ በፈረንጅ 1937 ታይም መፅሄት የአለም ቁጥር አንድ ሀብታም ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣቸው ሰው ናቸው፣ የእርግብ እንቁላል የሚያክል አልማዝ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ያደርጉት ነበር። ይሄን ስነግራቸው ሐጂ «ቆጣቢ ሰው ናቸው» አሉ። ቀጠልኩና ኒዛሞቹ አፍሪካውያን ፈረሰኛ ጠባቂዎች ነበሯቸው፣ ዘሮቻቸው እስከዛሬ እዛው ከተማ «ኤሲ ጋርድስ» የሚባል ሰፈር አሉ፣ ኤሲ «አፍሪካን ካቫልሪ» ማለት ነው፣ ስሙ ራሱ ከጠባቂዎቹ የመጣ፣ ሲዲም ሐብሺም ይሏቸዋል፣ ሰርግ ላይ ከበሯቸው ይፈለጋል አልኩ። ከዛም ራቅ ብሎ አህመድናጋር የሚባል ግዛት ውስጥ ማሊክ አምባር የሚባል፣ ከኛው አገር በባርነት ተሸጦ ሄዶ ጦር አዛዥና የግዛቱ ባለሙሉ ስልጣን የሆነ፣ ያኔ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሞጎሎች አላስገባም ብሎ በፈረንጅ 1626 እስኪሞት ያንገላታቸው ሰውዬ ነበረ ስላቸው ሐጂ ተነስተው ቆሙ።

«ስልጤ ነው» አሉ።

«እሱ እንኳን በእርግጠኝነት...»

«ስልጤ ነው አልኩህ። ተሽጦ ሄዶ እንኳን ስራ ያልፈታ ሌላ ማን አለ?» ትንሽ አሰቡና ደግሞ «እንግዲህ ዘመድ ካለን ሆቴሉ ለምን አስፈለገ?»

ይሄው ነው የኛ ነገር። አራት መቶ አመት የተጠፋፋን ዘመድ ቤት አራት ሰው ይዘን፣ ሳንደውል፣ በሶ ይዘን እንግባ ነው የሚሉት። ደግሞ እኮ ቢገቡ የሚያድሩ ይመስለኛል።

ሌላው ሌላው ጥቃቅን ነው። ቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ካልተከተቡ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩ ይችላሉ፣ አማቴ ይሄንንም ለበሽታዬ ማስረጃ ብለው መዘገቡት። የቪዛው ፎርም ሃይማኖትህን ይጠይቃል፣ አያቶችህ ፓኪስታናዊ ነበሩ ወይ ይላል፣ ሰውነትህ ላይ የሚታይ ምልክት አለ ወይ ይላል፣ ሐጂ ልጅ ሆነው በሬ የወጋቸውን ጠባሳ በአራት መስመር አስፃፉኝ፣ ሳጥኑ የሚይዘው አንድ መስመር ነው። ቂብላ አዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው፣ እዛ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሐጂ ስልሳ አመት በለመዱት ትከሻቸው ኮምፓስ አያስፈልገኝም ብለዋል፣ እንግዲህ ከሰጋጁ ጀማዓ በስተጎን ቆመው እናያቸዋለን። ሰአቱ ደግሞ ከኛ በሁለት ሰአት ተኩል ይቀድማል፣ ሁለቱስ ይሁን ግማሿ ምንድናት ብለው አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከሩ፣ የኛ አቆጣጠር ሲጨመርበት እኔም ጠፋብኝ።

ከዛ ዶላሩ መጣ። ብሩ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሽርሽር የሚለው ቃል ራሱ ተወዷል። ባንክ ስጠይቅ ለመንገደኛ የሚሰጡኝ ለኔ ነው እንጂ ለሚስቴ የአምባር ሀሳብ አይበቃም (ቻርሚናር ስር ላድ ባዛር የሚባል በአምባር የታወቀ የገበያ መንገድ አለ፣ እሷ ካርታውን በቃሏ ይዛዋለች)። ሐጂ ጠጋ አሉኝ።

«የማውቀው ዶክተር አለ፣ ኩላሊቱ ነው ብሎ ደብዳቤ ይፅፍልሃል፣ ለህክምና ሲሆን የሚሰጡት ይበዛል፣ የጎደለውን ደግሞ ብሔራዊ አካባቢ አንድ ልጅ አለኝ።»

«ሐጂ፣ ይሄስ ሐላል ነው?»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታጠብቃለህ!» ተቆጡ። እኚህ ሰውዬ አንድ ሰአት ሙሉ ሆቴሉ ዶሮውን በማን እንደሚያሳርድ ካላወቅኩ ብለው በኔ ስልክ ህንድ አስደውለዋል፣ የአየር ሰአቱ የኔ። ዶሮዋ ላይ ቢስሚላህ መባሉ ያስጨንቃቸዋል፣ ደብዳቤው ላይ ማህተም መመታቱ ይበቃቸዋል። እኔም ብሆን አይሆንም ብዬ አልተነሳሁም፣ ዶክተሩ ስንት ነው የሚያስከፍለው ብዬ ጠየቅኩ።

ባለፈው እሁድ የእድሩ ሴቶች መጡ። አማቴ ናቸው ከፊት። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ አንድ ካርቶን ውሃ ይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊቀመጡ ሲሉ እኔ ደግሞ እንደ እድል በቁምጣ ሻንጣ እያወረድኩ ነበር፣ አንዷ «ሲያበረታን ነው» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዱዓ ተደረገ፣ ረጅም ዱዓ። አልታመምኩም ልል ስል አሚን ይሉብኛል። ሲወጡ አማቴ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ለህክምናው ትሁንህ፣ ከሰፈሩ የተዋጣ ነው ብለው። ፖስታው ወፍራም ነው።

ሚስቴ አሁኑኑ መልስ አለችኝ። እኔ ፖስታውን አየሁ። ሐጂም አዩት።

«ሐጂ፣ ይሄን መውሰድ እንዴት ነው?»

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልመለሱም። ፂማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ሰሞኑን ትንሽም ብትሆን አሞህ አያውቅም?»

«ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ፣ ፖስታውን እያነሱ።