ስምንት ጨዋታ በ245 ሚሊዮን ዶላር

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ቡና ላይ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ያጨቃጨቃቸው ስቲቨን ስትራስበርግ ነው፤ የከተማው የቤዝቦል ክለብ የናሽናልስ ኳስ ወርዋሪ የነበረው።

«በ2019 መጨረሻ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጣ ስንት ጨዋታ ወረወረ? ስምንት! ሳይሠሩ መብላት ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?» አሉ በዕድሜ ጠና ያሉት።

«ጋሼ፣ ውል እኮ ነው» አለ አንዱ ጎልማሳ። «ቤዝቦል ላይ አንዴ ከተፈረመ፣ ተጫዋቹ ቢጎዳም ደመወዙ አይቀርም።»

«እኔ ወገቤን ታምሜ ሳምንት ብተኛ ማን ይከፍለኛል?»

«ማንም። እነሱ ግን ጠንካራ ማኅበር አላቸው። እርስዎ ስለሌለዎት ጥፋቱ የሱ ነው?»

ከጎን የተቀመጠች ነርስ ገባችበት። «ደግሞስ እቤቱ ተጋድሞ የዋለ መሰለዎት? በ2021 ቀዶ ሕክምና አድርገው የጎድን አጥንቱን አውጥተውለታል። ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ አንገት ሥር ሲታፈን እጅ ይደነዝዛል። በደነዘዘ እጅ ወርውር ነው የሚሉት?»

«አዝንለታለሁ ልጄ። ግን 245 ሚሊዮን የሚያወጣ የጎድን አጥንት አላውቅም።»

ሁሉም ሳቁ። ጎልማሳው ግን አለቀቀም፤ ክለቦች ወጣቶችን ለስድስት ዓመት ያህል አስረው በርካሽ ያጫውታሉ፣ ኋላ የሚከፍሉት የዚያን ጊዜውን ዕዳ ነው አለ።

ይህ ለብዙ ተጫዋች ይሠራል፤ ለስትራስበርግ ግን እምብዛም። በ2009 ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ምልመላ አንደኛ ተመርጦ፣ ለክለቡ ገና አንድ ኳስ ሳይወረውር ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈረመ ልጅ ነው። በጊዜው ለአዲስ ምልምል ክብረ ወሰን ነበር። በ2016 ደግሞ ለሰባት ዓመት 175 ሚሊዮን ፈረመ፤ የ2019ኙ ውል የመጣው ያንን አቋርጦ ነው። ርካሽ ነበር ማለት ይከብዳል።

እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው በ2019 ብቻ፣ መደበኛው ውድድርና ጥሎ ማለፉ ሲደመር፣ 245 ኢኒንግ፣ ማለትም አንድ ጨዋታ በዘጠኝ የሚከፈልባቸውን ዙሮች፣ ወርውሯል (ቁጥሩ ከዶላሩ ጋር መግጠሙ ያስቃል)። በጥሎ ማለፉ አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ከሂውስተን አስትሮስ ጋር በተደረገው የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ፣ ናሽናልስ ቢሸነፉ ሁሉ ነገር ባለቀለት ማታ፣ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ አልወጣም። ዋንጫውም መጣ፤ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ተባለ። ውሉ ሲፈረም 31 ዓመቱ ነበር፤ ክንዱ በ2010 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የክለቡ ባለቤቶች የለርነር ቤተሰብ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው የፈረሙት። በቤትና በሕንፃ ንግድ የከበሩ ሰዎች ያረጀ ነገር ዋጋ መገመት አያቅታቸውም።

በዚያው ሳምንት ሌላው የናሽናልስ ተጫዋች አንቶኒ ሬንዶን ከእጃቸው ወጣ። እሱም ኤንጅልስ ወደሚባለው ክለብ ሄዶ ያንኑ 245 ሚሊዮን፣ ያንኑ ሰባት ዓመት ፈረመ፤ እሱም ከ2021 ወዲህ በጉዳት የተነሳ በአንዱም የውድድር ዘመን 60 ጨዋታ አልሞላም። ናሽናልስ ስትራስበርግን ሸኝተው እሱን ቢያስቀሩ ኖሮ፣ ጋሼ ዛሬም ስሙን ብቻ ቀይረው ይህንኑ ክርክር ይዘው ይመጡ ነበር።