ቅሬታ ስለ ጠፋ ችግር ጠፋ?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በተካሄደ የአመራሮች ሥልጠና ማጠቃለያ ላይ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ተነሥተው፣ ሠራተኛ ወደ ቢሯቸው እንዳይገባና ጉዳዩን ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል በደብዳቤ እንዲያቀርብ ካዘዙ ወዲህ አንድም ቅሬታ እንዳልደረሳቸው በኩራት ተናገሩ። «አለቃ ሲቀርቡት ይናቃል» የምትል ማሳረጊያም ጨመሩበት። አዳራሹ አጨበጨበ።

የግቢውን ውሻ አፍ አስሮ የተኛ ባለቤት፣ ሌሊቱን ጩኸት ስላልሰማ ሌባ አልመጣም ሊል ይችላል። የኃላፊው ማስረጃም ከዚህ አይሻልም።

እዚያው መሥሪያ ቤት ባለፈው ወር ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ሄጄ ነበር። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፤ ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ከያዡ ጋር ስብሰባ ሄዷል። ከመንዝ የመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቁልፉን ሁለተኛ ሰው ቢይዘው ነገሩ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ለምን ለኃላፊው እንደማትነግራቸው ብጠይቃት «የራሴን አቤቱታ ራሴው መዝግቤ ላስገባላቸው?» አለችኝ።

ሠራተኛን መቅረብ ለአንዳንድ አለቆቻችን የደግነት ወይም የጠባይ ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የማሰብ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ የሚያውቀው በእጁ የሚሠራው ሰው ስለሆነ፣ እርሱን ያላነጋገረ አለቃ የቱንም ያህል ቢማር የሚያስብበት ነገር በእጁ የለም። ካይዘን የሚባለውን፣ በሠራተኛው ተሳትፎ ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፈው ይኸው ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማዎቹ ተሸምድደዋል፤ መሳቢያው ግን አልተከፈተም።

ከሩቅ መማር ካልፈለግን ደግሞ የመንዙ የሣር መሬት ጓሳ አለልን። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መሬት፣ ሣሩ እስኪያገግም ከ3 እስከ 5 ዓመት እየዘጉ፣ ተራ ገብተው እየጠበቁ፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ አዝልቀውታል። የጥበቃውን አለቃ የመረጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሣሩ መድረሱን ከጠባቂው ሳይጠይቅ ክልሉን የሚከፍት አለቃ ቢሾምባቸው ኖሮ፣ ሣሩም ሹመቱም ሁለት ክረምት አይሻገሩም ነበር። ታዲያ የመረጡትን አለቃ ናቁት ወይስ አከበሩት? ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ሥርዓት መልሱን ሰጥቷል፤ የእኛ ኃላፊ ግን በአንድ ሩብ ዓመት ዝምታ ተመጻደቁ።

በር ሲከፈት ወሬ አቀባይም አብሮ እንደሚገባ አልክድም። ወሬውን ከጉዳዩ መለየት ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው ሥራቸው ነው፤ ያቃተው ኃላፊ ወንበሩን ይልቀቅ እንጂ በሩን አይዝጋ።

አዛውንቱ በዚያ ቀን ደብዳቤውን ሳይዙ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሱ። ቅሬታ አላቀረቡም።