ቤቱ መከፈል የነበረበት እናትየው የሞተች ጊዜ ነው

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት በቅርቡ አረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ትልቋ ልጃቸውና የእንጀራ እናቷ በመኖሪያ ቤቱ ምክንያት ፍርድ ቤት ቆሙ። ኑዛዜ የለም።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጅቷና ወንድሟ ከዓመታት በፊት የሞተችው የመጀመሪያዋ ሚስት ልጆች ናቸው፣ ትንሿ እህታቸው ደግሞ የሁለተኛዋ፣ ገና 9 ዓመቷ ነው። ሰውዬው ስኳር ይዟቸው እግራቸው ሲቆስል በየቀኑ በለብታ ውሃ እያጠበች ያስታመመቻቸው ይቺው ሁለተኛዋ ሚስት ነች። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ሚስት አይደለች እንዴ፣ ትውረስ» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «ባዶ እጇን ነው የመጣች፣ ትውጣ» ይላል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ያውም እኩል። ከየትኛዋ እናት ተወለድክ ተብሎ አይጠየቅም። ሚስት ግን የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይሄን ስነግራቸው የማይደነግጥ ሰው አላገኘሁም። እሷ የምታገኘው በትዳር ዘመን ከተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹን ነው፣ እሱም ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው።

ችግሩ ይሄ ቤት የተሠራው በመጀመሪያዋ ሚስት ጊዜ መሆኑ ነው። ካርታው በአባትየው ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት የሁለቱም ነው። ስለዚህ እናትየው ስትሞት ግማሹ የሁለቱ ልጆቿ ሆነ። ቤቱን 12 እጅ አድርጋችሁ አስቡት። 6ቱ የእናት ነበር፣ ለሁለቱ ልጆች 3፣ 3 ይደርሳል። የአባትየው 6 አሁን ለሦስቱ ልጆች 2፣ 2 ይከፈላል። ትልልቆቹ 5፣ 5፣ ትንሿ 2። ሚስትየው ከዋናው ቤት ምንም የላትም።

ግቢው ውስጥ ግን ለተማሪ የሚከራዩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። እነሱን በርበሬና ሽሮ ሸጣ ያሠራቻቸው እሷ ነች፣ የቆርቆሮውን ሚስማር ስንት እንደገዛች ሳይቀር ትነግራችኋለች። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገንዘብ ነውና የግማሹ ግምት ይገባታል። የቀረው የአባትየው ድርሻ ሆኖ ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ሒሳብ እናትየው በሞተች ሰሞን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። ያኔ ግን «እንባችን ሳይደርቅ ስለ ንብረት?» ተባለ፣ ነውር ሆነ፣ ታለፈ። አሁን ዓመታት ካለፉ በኋላ የይርጋ፣ ማለትም «የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል» የሚል ክርክር ይመጣል፣ ምስክር የሚሆኑት ሽማግሌዎችም ግማሾቹ አፈር ገብተዋል። ነውሩ የቱ ጋ ነው? ዓባይ ማዶ ያገባችው ትልቋ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የትንሿን ፀጉር ትሠራላት ነበር። አሁን እዚያ ግቢ አትገባም።

ኑዛዜ መጻፍ እንደ ሟርት ይቆጠራል። ሰውዬው ጤነኛ ሳሉ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው በገዛ እጃቸው ሙሉውን ጽፈው፣ ቀን አድርገው ቢፈርሙበት፣ ወይ አራት ምስክር ፊት አጽፈው፣ አስነብበው ቢፈርሙና ቢያስፈርሙ ኖሮ ሚስታቸው ዕድሜ ልኳን እዚያ እንድትኖር የአላባ (ባለቤት ሳይሆኑ የመጠቀም) መብት ሊሰጧት ይችሉ ነበር፣ የልጆቹም ባለቤትነት አይነካም ነበር። ይወዷት ነበር፣ አይቻለሁ። ሕጉ ግን የተጻፈ ነው የሚያየው።

የክልላችን፣ የአማራ ክልል፣ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ውልን ይፈቅዳል። ሚስት ወይ ባል የሞተበት ሰው ድጋሚ ሲያገባ «ይሄ ከበፊቱ ያለኝ ነው» ብሎ በዚያ ውል ማስፈር ይችላል። እናንተ ለሁለተኛ ትዳር ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩ አባቶች፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልን፦ የሟቿ ልጆች ድርሻ ተለይቷል ወይ?