ጎረምሳውን ወንበር ብቻ አታሸክሙት

ለታዳጊ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወንበር አምጣ፣ ወንበር መልስ፣ ወረቀት አድል። ከዚያ ኋላ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። እኛም «የዛሬ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ደብሯቸዋል» እንላለን። ለምን አይደብራቸው? ቢቀሩ የሚፈልጋቸው የለ።

እኔ የምለው፣ ከሕፃናቱ አራቱን ስጡት። ስማቸውን ይያዝ። ማን እንደቀረ፣ ማን ፊቱ እንደጠቆረ ያስተውል። የዳዊትን ታሪክ እሱ ይንገራቸው።

ለመንገር ደግሞ ማንበብ አለበት። የስድስት ዓመት ልጅ «ጎልያድ እናት አለችው?» ብሎ ሲያፋጥጠው መልስ ያጣል። ለዓመታት አንድ ነገር ጠይቆ የማያውቅ ጎረምሳ ያን ቀን መጽሐፉን ይዞ አስተማሪውን ፍለጋ ይሄዳል። ሕፃኑም ቢሆን ከትልቅ ሰው ይልቅ እሱን ነው ዓይን ዓይኑን የሚያየው። አብሮት ወለል ላይ ይቀመጣላ!

«ገና ልጆች ናቸው» የሚል አይጠፋም። ሙሴ በደንገል ሣጥን ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ከሩቅ ቆማ የጠበቀችው እህቱ ናት። የፈርዖን ልጅ ስታገኘውም ሞግዚት ልጥራልሽ ብላ የገዛ እናቱን ያመጣችው እሷው ነች።

ግን አንድ የምፈራው ነገር አለ። ጆሴፍ ላንካስተር የሚባል እንግሊዛዊ በ1798 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ለረዳት መምህራን የሚከፍለው ስላልነበረው ትልልቆቹን ተማሪዎች የታናናሾቹ አስተማሪ አደረጋቸው። ዘዴው ብዙ አገር ተዳረሰ። ኋላ ግን ትምህርቱ ሽምደዳ ብቻ ሆነ ተብሎ ተተቸ፣ ቀስ በቀስም ቀረ። የእኛም ነገር እዚያ እንዳይደርስ። ታዳጊው የሰው እጥረት መሸፈኛ፣ የነፃ ሞግዚት ከሆነ ቶሎ ይሰለቻል። የራሱ የሚማርበት ሰዓትም አይነካበት። ለቅጣት ብሎ ሕፃናት ክፍል መስደድማ ጭራሽ አይታሰብ።

ስለ ጥንቃቄም ልበል። ታዳጊን ከሕፃናት ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን መተው ልክ አይደለም። ሁለት አዋቂዎች እዚያው ይኑሩ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ሕፃናቱን ሽንት ቤት መውሰድ የእሱ ሥራ አይደለም። ይህ እሱን መጠርጠር አይደለም፤ ሕፃናቱንም እሱንም ይጠብቃል። ደንቡን ከመጀመሪያው ቀን ለወላጆችም ለእሱም መንገር ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ይበላሻል፣ አትጠራጠሩ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ያለው ታሪክ በአምስት ደቂቃ ያልቅበታል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች። ዘላችሁ ገብታችሁ አትንጠቁት። እርዳታ ሲፈልግ ዞር ብሎ ያያችኋል። ሲጨርስም «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የትኛው ልጅ እንዳስቸገረው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት።